የሶፋው የሰመጠ ጎን

ሶፋ ማለት፣ እታለም፣ ሰው ተቀምጦበት የሚነሳ የቤት ዕቃ ነው። መነሳቱ የትርጉሙ አካል ነው። ሰው የማይነሳበት ከሆነ አልጋ ይባላል። ጭራሽ የማይነሳበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ስም አለው፤ እሱን በቅዳሜ ከሰዓት አናነሳውም።

ነይ፣ በዚህ በኩል ተቀመጪ። ያኛው ጎን ሰምጧል። … አይ፣ እንግዳችንን አትረብሺውም። እሱ ቦታውን ያውቀዋል፣ ቦታውም እሱን ያውቀዋል። ሪሞቱን ይዞ ፊልም እየመረጠልን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለመዝናናት ፊልም እናያለን፤ ማለቴ ለማየት እንቀመጣለን። አንቺ ከመንገድ ነሽ፣ ደክሞሻል፣ እግርሽን ዘርጊ። ብርቱካንም ላጪ፤ እሱ ነው ያመጣው። ሁልጊዜ ብርቱካን ነው የሚያመጣው። አንድ ጊዜ ከመረጠ የማይለውጥ ሰው ነው … በብርቱካን ማለቴ ነው።

እንግዳ የምለው በአክብሮት ነው። የልጄ እጮኛ መሆኑንማ አንቺም ታውቂያለሽ። ስድስት ዓመት የተመላለሰ ሰው እንግዳ አይባልም ትዪኝ ይሆናል። እሺ፣ ታዲያ ምን ይባላል? ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ቋንቋ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታም ወጥቼ፣ ለዚህ የሚሆን ቃል እስካሁን አልመጣልኝም።

ልጄ ጓዳ ናት፣ ልብስ ትተኩሳለች። ሰማያዊ ቀሚሷን። ትውጣ አትውጣ ገና አልወሰነችም፤ ቀሚሱ ግን ዝግጁ ይሁን ብላ ነው።

እስኪመረጥ ድረስ ጨዋታ ላምጣልሽ። ስለ አንድ የማውቀው ሰው ነው። ከዚህ ቤት ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ስለዚህ ድምፄን ዝቅ የማደርግበት ምክንያት የለም።

ይህ ሰው ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። … አዎ፣ እንግዳችንም ብስኩት ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ እሱም ጥራት ላይ ነው። ዓለም ጠባብ ናት፤ ብስኩት የሚበላውም ሕዝብ ብዙ ነው። ያ የምነግርሽ ሰው እንግዲህ ከምድጃ ከወጣው መሃል አንዱን ያነሳና ጫፉን ቆረስ ያደርጋል። ያኝካል። ያስባል። ከዚያ ገልብጦ በወዲያኛው ጫፍ በኩል ቆረስ ያደርጋል። መሃሉን ይጥለዋል። የወደቀው ተፈጭቶ ለከብት መኖ ይሄዳል፣ ያለፈው ወደ መጋዘን ይገባል። ፋብሪካው እንደ እሱ ያለ ሰው የለውም ይላሉ። ይህን ያህል ዘመን ሲሠራ አንድ ሙሉ ብስኩት በልቶ አያውቅም። እንዴት ያለ ራስን መግዛት ነው!

ታዲያ ሰው የሥራ ልብሱን እንጂ የሥራ ጠባዩን ፋብሪካ በር ላይ አውልቆ አይመጣም። ይህ ሰው እጮኛ አለችው። እጮኛውን ብዙም አላነሳሳትም፤ እናትየዋን ግን እንደ ራሴ ነው የማውቃት። እነሱም ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ፊልም ይታያል። እነሱም ሶፋ አላቸው፤ የእነሱም በአንድ ጎኑ ሰምጧል። የዛሬ ጊዜ ሶፋ ምን ጥራት አለው ብለሽ ነው።

ሰውየው ፊልሙን የሚመርጠው እንደ ብስኩቱ ነው። ከመጀመሪያው ጥቂት ያያል። ያኝካል። ከዚያ በሪሞቱ እስከ መጨረሻው ይሮጥና ማለቂያውን ያያል። ለራሱ ብሎ እንዳይመስልሽ፤ ለቤተሰቡ አስቦ ነው። ለመዝናናት የተቀመጠ ሰው በስተመጨረሻ ቢያዝንስ? ማን ይጠየቅበታል? የወንጀል ፊልም ከሆነ እንዳይጨነቁ ገዳዩን አስቀድሞ ይነግራቸዋል። «ወንድሙ ነው» ይላል፣ ይዘጋዋል። አስቂኙን «ሳቁ ቶሎ ጀመረ፣ ኋላ ያልቅበታል» ይላል፣ ይዘጋዋል። የአራዊቱን «ይበላታል» ብሎ ዘጋው፤ ሚዳቋዋ ገና ውሃ እየጠጣች ነበር። የፍቅሩን ፊልም ደግሞ … ተይው የፍቅሩን። «መጀመሪያ ላይ ተገናኙ፣ መጨረሻ ላይ ተጋቡ፤ መሃሉ የታወቀ ነው» አለ።

እናትየዋ ይህን ስትሰማ ብርቱካን መላጥ ጀመረች። እሷና ባለቤቷ መጀመሪያ የተያዩበትን ቀን ሁለቱም አያስታውሱትም ነበር። ማለቂያው ሲመጣ ደግሞ እሷ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ነበር። ያላት መሃሉ ብቻ ነው። … ብርቱካኑ ጣፋጭ ነው፣ አይደል?

ክፉ ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል? ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ አያውቅም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ቃሉንም አጥፎ አያውቅም። … ቃል ለማጠፍ መጀመሪያ መስጠት ስለሚያስፈልግ ነው እንጂ፣ ብታዪው የታመነ ሰው ነው። መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ይባላል፤ እሱ ግን የሚወድቅ ዓይነት አይደለም። ለመውደቅ መጀመሪያ መነሳት አለበት።

ልጅቷ? ልጅቷ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። … አዎ፣ እንደ እኔዋ። መነጽር የሚያደርግ ሰውም ብዙ ነው እኮ። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ፊት መስታወት እየቀያየረች «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው? … ይሄስ?» ስትል ትውላለች። ቅዳሜ ቤቷ ስትገባ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ምንም ሳይጠይቃት አንድ ፊልም ተጀምሮ ሲያልቅ ማየት። ጥሩም ይሁን መጥፎ ግድ የላትም። ቤቷ ስትገባ የምትሰማው ግን ምንድን ነው? «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው? … ይሄስ?»

አንድ ጊዜ ልጅቷ ጠይቃዋለች። የፊልሙን አይደለም፣ የሌላውን። ደፍራ፣ ፊት ለፊት። የሰጣት መልስ «ምን ያስቸኩለናል?» ነው። እውነቱን ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔን የሚገርመኝ ያልቸኮለችው ምን እንደሆነች የሚናገር ተረት አለመኖሩ ነው። ያን ጊዜ እናትየዋ «ልጄን አልወደዳት ይሆን?» ብላ ሰጋች። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ኋላ ነው የፋብሪካው አሠራር ትዝ ያላት። ልጅቷ ወድቃ አይደለም። አልፋለች! በመጀመሪያው ወር ነው ያለፈችው፣ ያለ አንድ እንከን። ያለፈ ዕቃ ደግሞ የት ነው የሚገባው? … እንግዲህ። ዝም አይነቅዝም የተባለው ለዝምታ ነው፤ መጋዘን ለከረመ ነገር ማንም ዋስትና አልሰጠም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሶፋ ሠሪው የመጣው። እዚያ ቤት ነው የምልሽ። በአጋጣሚ የእኛንም ሶፋ የሚሠራልን እሱ ነው።

ያን ቅዳሜ ተቆጣጣሪው ፋብሪካ ሥራ ነበረበት። ሶፋ ሠሪው ጠረኑ ሙጫ ሙጫ የሚል፣ ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ የሚሠራ፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪ የለበሰ ሰው ነው። መጥቶ ሶፋውን ገለበጠው፣ ሆዱን ቀደደው፣ ማበጠሪያና የጠፋ ሪሞት አወጣ። «እማማ፣ እዚህ ጋ የሚቀመጠው ማን ነው?» አላት እናትየዋን። «ሌላው ስፕሪንግ ደህና ነው፤ የሞተው የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው።» ቴሌቪዥኑን ከፈተችለት፣ ወሬ እንዳይበዛ።

ማንም ያልመረጠው ፊልም ነበር የመጣው። መጥፎ ፊልም፣ እታለም። የሚያወራ ውሻ አለበት። ሶፋ ሠሪው መዶሻውን እንደያዘ ቀና አለ። «ይሄ ውሻ የማን ነው?» አለ። ልጅቷ ነገረችው። «ከዚያስ?» አለ። ከዚያ ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አይታ አታውቅማ! ሶፋው ተገልብጧል፣ መቀመጫ የለም፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። እሱም ተቀመጠ። ውሻው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲመሰክር ሰውየው ሳቁ ስለመጣበት ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣና በመዳፉ ያዛቸው። ደግሞ ውሻው ሲታመም ዓይኑን ጠረገ … በእጅጌው፣ በዚያው ሙጫ በነካው። እናትየዋ ልጇን እንደዚያ ስትስቅ የሰማችው መቼ እንደነበር ማስታወስ አልቻለችም።

ፊልሙ አለቀ። የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ልጅቷ ልትነሳ ስትል «ቆይ እንጂ» አላት፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ደክሞበት!» ስሙን በሙሉ፣ እስከ መጨረሻው፣ የማያውቀውን ፊደል ሳይቀር፣ ቁጭ ብሎ አየው።

ስፕሪንጉ ሲመጣ እወስደዋለሁ ብሎ ሶፋውን እንደነበረ ሰፍቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሊለካው ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ሶፋ ግን ያድጋል እንዴ? … በሁለተኛው ጊዜ ሲመጣ ልጅቷን በር ላይ አቁሞ ነገሩን አልጠማዘዘባትም። «እኔ ወድጄሻለሁ፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ። ሰው እንዳለሽ ሰምቻለሁ። እሺም በዪ እምቢም በዪ፣ ቁርጡን ንገሪኝ» አላት። እንዴት ያለ ያልተማረ አነጋገር ነው! መጀመሪያውንና መጨረሻውን ባንድ ትንፋሽ። ልጅቷም «እስከ ቅዳሜ ስጠኝ» አለችው።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ። … አንቺን ነው ያልኩት፤ ሌላ ሰው ቢሰማም ጉዳት የለውም።

ልጅቷ እናቷን ጠራችና እንዲህ አለቻት፦ «ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም እማዬ፤ እኔም የማዝንለት ሰው ነው። ቅዳሜ ይመጣል። ፊልም ይመርጣል። አንድ ፊልም፣ የፈለገው ይሁን፣ ጀምሮ ሳይዘልል ከጨረሰልኝ ሶፋ ሠሪውን ይቅርታ ብዬ እመልሰዋለሁ። ካልጨረሰ ቀሚሴን ለብሼ እወጣለሁ። ለእሱ ግን እንዳትነግሪው፤ ተነግሮት ከሆነማ ምኑን አወቅኩት?» አስማለቻት። እናትየዋም ምላለች፣ መሐላዋንም ጠብቃለች። ለሰውየው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ለእህቷ አጫውታታለች ይባላል፤ እህት ደግሞ ከመሐላ ውጪ ናት።

ያ ቅዳሜ መቼ ነው አልሽኝ? … ኧረ ቀኑን እንኳ ልብ አላልኩትም።

እኔ ግን እላለሁ፣ አንድ ሰው አንድ ፊልም ጀምሮ ቢጨርስ ምን ይጎዳዋል? ለምሳሌ ዛሬ። ለምሳሌ እዚህ። እንግዲህ ለምሳሌ ነው። … ሰማኸን እንዴ ልጄ? አይ፣ አንተን አይደለም፤ እኛ የራሳችንን ነው የምንጫወት። አንተ ሥራህን ቀጥል።

አየሽ፣ እንዴት ልቡን ሰብስቦ እንደሚሠራ! ጦርነቱን አየና ዘጋው። መርከቧን አየና «ትሰምጣለች» ብሎ ዘጋት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ልክ ነው። እንቁላሉን የሚታቀፈው ካለ ነው እንጂ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠው የት ሲሄድ ታይቷል?

ቆይ … ቆይ። ይሄኛውን አልዘጋውም። ተመልከቺ እስኪ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንድ ፀጉር ቤት ወርሰው ተኳርፈዋል። ደንበኛውን አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ በኩል ይቆርጡታል፤ እርስ በርስ አይነጋገሩም። … ሃሃ! ያንን ምስኪን አየሽው? አንዱ ጎኑ አጭር፣ አንዱ ጎኑ ረጅም ሆኖ ወጣ እኮ!

እንግዳችንም ሳቀ። ሰማሽ? እውነተኛ ሳቅ ነው። … በሚያምር ፊቱ ላይ ሳቅ ሲጨመርበት እንዴት ያምርበታል። እኔ እኮ ስወደው ስወደው ነው የኖርኩት፤ እናት የሌለው ልጅ ነው፣ ብርቱካኑን ሲሰጠኝ ሁለት እጁን ነው የሚዘረጋው። እንዲህ ያለውን ልጅ ማን ይጠላል?

ጓዳ ያለው ድምፅ ቆመ። መተኮሷን አቁማለች። … አትዙሪ፣ በሩ ላይ ቆማለች። ካውያውን እንደያዘች ፊልሙን ታያለች። ወይስ እሱን ነው? ከዚህ ሆኜ አይለይልኝም።

ዝም እንበል እስቲ። … ታናሽየው መቀሱን ደብቆበታል። ታላቅየው በፍራሽ ሥር እየፈለገ ነው። … አሁን ደግሞ የሁለቱም እናት መጣች፤ ፀጉሯን ማን ሊቆርጣት ነው? ይኼንንማ ማየት አለብኝ። እኔ እኮ ስንት ዘመኔ፣ ከዚያስ ካልኩ! ደግሞ ሳቀ፣ አየሽው? እጁ ሪሞቱን ለቋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አምላኬ! … ምንም አይደለም፣ የብርቱካኑ ጭማቂ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።

…

አነሳው።

«መጨረሻው እንዳያበላሸው» አለ። ለእኛ አስቦ ነው። … ሮጠ። ሮጠ። ያ ሁሉ ሰው እንደ ጉንዳን ሲራወጥ አየሽ? ያ ሁሉ ሰው ደክሞበት። … ይኸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። እናታቸው በመሃል ቆማለች፣ ፀጉሯ ተቆርጧል። አምሮባታል። ማን ቆረጣት? በምን ታረቁ? መቀሱስ የት ተገኘ? … እንዲሁ ታርቀዋል፤ ለማወቅ የሚያስፈልገው ያ ብቻ ከሆነ።

አሁን ምን አለ፣ ሰማሽው? «ይሄ በጣም ጥሩ ነው፤ ይቀመጥ፣ ሌላ ቀን እናየዋለን።» አልጣለውም፣ እታለም! አሳልፎታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ደህና ደህናውን የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው፤ እዚያ ከተተው። ስንት ጥሩ ጥሩ ፊልም እዚያ አለ መሰለሽ። አንዱም አልተነካም።

ካውያውን ነቀለችው። …

ይኸውልሽ የእኔዋም ልጅ ወጣች። ሰማያዊው ቀሚስ እንዴት እንደሚሄድባት አየሽ? ጫማዋንም አድርጋለች። ሳመችሽ አይደል? እኔንም ሳመችኝ። ለእሱም «ደህና ሁን» አለችው። ሌላ ጊዜ እኮ «ደህና ዋል» ነበር የምትለው፤ ቋንቋ አስተማሪ ስለነበርኩ ልዩነቱ ይሰማኛል። የት ነው አላላትም። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው» አላት። ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እንዲህ ቀስ ተብሎ የተዘጋ በር በዕድሜዬ አልሰማሁም።

መስኮቱ ላይ አትቁሚ፣ ያስታውቃል። … ታች ያ ሰው ቆሟል? ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተጥፏል? … ሚስማር በአፉ አልያዘም? በቃ፣ ዛሬ ለሥራ አይደለም የመጣው። ነይ ተቀመጪ። በዚህ በኩል። ስፕሪንጉ ደርሷል፤ ሶፋውን ሰኞ ይወስደዋል። ሥራውን እንደ ባዕድ እንደማይሠራልን ተስፋ አለኝ።

ያ የነገርኩሽ ሰው? ያ የዚያኛው ቤት? እንግዲህ እሱን ምን እለዋለሁ። እኔ ለማንም ክፉ አልመኝም፤ ለእሱ ደግሞ በተለይ። ደግ ልጅ ነው፣ ክፉ ቃል አልወጣውም፣ የሰው ገላ አልነካም፣ የሰው ልብ እንኳ ጫፍ ጫፉን ነው የነካው። ስለዚህ ከልቤ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ እመርቀዋለሁ። ዕድሜውን ያርዝምለት፤ መምረጥ ዕድሜ ይፈልጋል። ዓይኑን ይጠብቅለት። ጎኑ የሚያርፍበት ሶፋ አያሳጣው። ሁልጊዜ፣ እስከ እርጅናው ድረስ፣ ደህና ደህናው ከፊቱ ተደርድሮለት፣ ሪሞቱ ከእጁ ሳይወጣ … ከሚመርጠው አያሳጣው።

ሰማሽው? እንግዳችን «አሜን» አለ።